አባባ ሽንኩርት ሊያይ የሄደ ዕለት

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትየ ጀዊሪያ ኑሀ፤ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል እትየ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ? ሥራውስ በረድ አለልሽ ወይስ እመቤቲቱ አሁንም ምንጣፉን በቀን ሁለቴ ታስጠርግሻለች? የምትበይው፣ የምትተኚበት፣ በጁሙዓ የምታርፊው ነገር ሁሉ ደህና ነው? እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ካንቺ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንንም። እማየ ደህና ናት፣ አባባ ደህና ነው፣ ወንድማችን መንሱርም ደህና ነው። የመንሱር ባጃጅ ብቻ ሁለተኛ ማርሽ አላስገባም ብላ ታማለች፤ እሷም ቢሆን አልሃምዱሊላህ፣ አንደኛና ሦስተኛ አላት።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን እንደምታውቂው እኛ ቤት ስልክ ሲደወል ለአንድ ሰው አይደለም የሚደወለው። «ጀዊሪያ ናት!» ከተባለ እማየ ከጓዳ፣ አክስታችን አሚና ከጎረቤት እየሮጠች ትደርሳለች፤ ድምፅ ማጉያው ይከፈታል፤ አንቺ «እንዴት ናችሁ» ስትይ ሁሉም በአንድ አፍ «ደህና!» ይላል፤ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። ባለፈው «ሱዓድ፣ የዚያ ልጅ ነገር ምን ደረሰ?» ስትይኝ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ያልኩሽ እውነቴን አልነበረም። አባባ አጠገቤ ተቀምጦ ጥፍሩን እየቆረጠ ነበር። አሁን ጎረቤታችን ሲቲ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ ጅዳ ስለምትመለስ ከበርበሬውና ከቆሎው ጋር ይህን ደብዳቤ እሰጣታለሁ። ፖስታውን በፕላስተር ሦስት ዙር አሽገዋለሁ። ተቀዶ ካገኘሽው ያነበበችው እሷ ናት፤ ብዙ አትቆጫት፣ እኔም ብሆን አነበው ነበር።

ዘንድሮ ማሽላው መልካም ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ቢገባም ሲገባ ከልቡ ገባ። አሁን ወፍ ጥበቃ ላይ ነን። አባባ ማማው ላይ ወጥቶ ሲጮህ የጎረቤት ውሻ ነው የሚሸሸው፣ ወፎቹማ ለምደውታል ትላለች እማየ።

ወደ ነገሬ ልግባ። የዚያን ልጅ፣ የታሂርን ነገር በቁንጽል ነው የሰማሽው፤ ከመነሻው ልንገርሽ። ከጎብዬ ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ተራራው ሥር ያለ ገጠር ነው አገሩ። አዲስ አበባ ሄዶ ሥዕልና ቅርፃ ቅርፅ ተምሮ፣ አባቱ ሲሞቱበት ተመልሶ መጣ። የደረሰው መሬት ማሽላ የማይወጣበት ድንጋይ ብቻ ነው። እሱ ታዲያ እዚያ ላይ ከቁራሌ በሚሰበስበው ብረት፣ ከመኪና ባሌስትራ፣ ከተሰበረ ማረሻ እየበየደ ቅርፅ ያቆማል። የአባቱን የድንጋይ ቤት ደግሞ በኖራ ቀብቶ ሥዕሎቹን ሰቀለበትና ሙዚየም አለው። ነፍስ ያለው ነገር ግን አይሠራም፤ ሰውም እንስሳም አይሠራም። ይህን ልብ በይልኝ፤ አክስታችን አሚና ልብ ሳትል ያለችውን ትሰሚያለሽ።

እኔ ዘንድ የመጣው ለጽሑፍ ነው። የምሠራበት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ከየቅርፁ ሥር የሚለጠፍ ሃያ ሁለት ቁራጭ ጽሑፍ አስጻፈኝ። አንዱ «የከብት መመለሻ ሰዓት» ይላል። እኔም አፌ አያርፍ፣ «ወንድሜ፣ ከብት ይገባል እንጂ ይመለሳል እንዴ? የከብት መግቢያ በለው» አልኩት። ቆመ። አሰበ። ከዚያ «ልክ ነሽ» አለ። እትየ፣ ቆቦ ውስጥ ወንድ «ልክ ነሽ» ሲል መስማት እንዴት እንደሚያደርግ ረስተሽው ይሆናል። በማግስቱ ደግሞ የሚስተካከል አለ ብሎ መጣ። ከዚያም ወዲያ መጣ። በመጨረሻ የሚስተካከል ሲጠፋ ትክክለኛውን እያበላሸን እንደገና ማቃናት ጀመርን። ሃያ ሁለቱንም በቃሌ ያዝኳቸው።

የበሩን ታፔላም ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ «የቅርፃ ቅርፅ አትክልት ስፍራና የሥዕል ሙዚየም» ይላል። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። የጎብዬ ሰው ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ያነበበው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ አትክልት። ገና በሁለተኛው ቀን አንድ ነጋዴ አይሱዙ ይዞ ቲማቲም ልጫን ብሎ መጣ። ከዚያ ሽንኩርት ፈላጊ፣ ከዚያ ቃሪያ ፈላጊ። ታሂር ለሁሉም እየዞረ ቅርፁን አሳያቸው። ሁሉም እንደ ተራቡ ሄዱ።

ሽማግሌ የላከብን ጊዜ ታዲያ ምን ሆነ መሰለሽ። ዋናው ሽማግሌ አያ አራጌ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ውሸት የማይወጣቸው ሰው። አባባ «ልጁ ምን አለው?» ሲል «አትክልት አለው» አሉ። አባባ ቀና ብሎ «በመስኖ?» አለ። «ጉድጓድስ አስቆፍሯል፤ ውሃ አለው» አሉ አያ አራጌ፤ ይህም እውነት ነው። «ምን ምን ያበቅላል?» ሲል አያ አራጌ መልሱን እያሰቡ ሳለ አክስታችን አሚና ከጓዳ አንገቷን አውጥታ «ሽንኩርት ነው ሲሉ ገበያ ላይ ሰምቻለሁ!» አለች። አለቀ። አንድም ሰው ሳይዋሽ ታሂር የሽንኩርት ገበሬ ሆነ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ የእጅ ውሃ ይዤ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። አልተነፈስኩም። ወጥቼ ሽማግሌዎቹን እጅ አስታጠብኩ።

አባባ ደስ አለው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሽንኩርት ሞክሮ ገዥ ጠፍቶ በመደቡ ላይ እንደበሰበሰበት ሰምተሻል፤ ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት የሚያዋጣለትን ሰው እንደ ዓሊም ነው የሚያየው። መስጊድ ደጃፍ፣ ወፍጮ ቤት፣ ባጃጅ ተራ፣ ያገኘውን ሁሉ «አማቼ አትክልት አለው» እያለ አሳወቀ። እኔ በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፣ በየቀኑ ነገ ይሻላል እላለሁ። በኋላ እሱ ቀደመኝና አንድ ቅዳሜ ጧት «ተነሱ፣ ሽንኩርቱን ልናይ ነው» አለ። እማየ «ቢያንስ ልጁ ይነገረው» ብትል «አማች መጣ ከተባለ ሽንኩርቱን አጥቦ ይጠብቀኛል። እኔ ሳይታጠብ ነው የማየው። ከወልዲያ የመጣሁ ነጋዴ ነኝ እለዋለሁ» አለ።

ያን ዕለት የለበሰውን ባየሽ። ሽርጡን አውልቆ የመንሱርን ሱሪና ጥቁር ኮት አጠለቀ። ፊደል እንደማይለይ ታውቂያለሽ፤ ግን «ነጋዴ እስክሪብቶ አለው» ብሎ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት ሰካ። አንዱ ክዳን አልነበረውም፤ ገና ከከተማ ሳንወጣ ኮቱ ላይ ሰማያዊ ኩሬ ሠራ። አክስታችን አሚና ሽንኩርት ታውቃለች ተብላ መጣች። እኔ «ጽሑፍ ካለ ታነቢልኛለሽ» ተባልኩ። እማየ «አንቺስ አትሄጅም?» ስትባል «እኔ ሽንኩርት አይቼ አውቃለሁ» አለች። ስወጣ ግን ሻርፔን ያስተካከለች መስላ በጆሮዬ «የደበቅሽው ካለ ሳትደርሱ ተናገሪ» አለችኝ። እናት ምን ይሸሸጋታል።

ለታሂር ልደውል ብል ኔትወርክ የለም፤ ያን ጊዜስ ከምር አልነበረም። መንገድ ላይ አራት ጊዜ «አባባ» አልኩ። ባጃጇ ታጓራለች። «ምን?» ይላል። «ምንም» እላለሁ። መንሱር ነገሩን ሁሉ ያውቃል፤ በመስታወቱ እያየኝ ከንፈሩን ነክሶ ይስቃል። ሳቁ ሲመጣበት ጉድጓድ አያይም፤ አክስታችን አሚና ሁለት ጊዜ ከጣሪያው ጋር ተጋጨች።

ደረስን። ከባሌስትራ በተሠራው በር ገብተን አባባ ቆሞ አገሩን ቃኘ። ድንጋይ፣ ብረት፣ ድንጋይ፣ ብረት። አንድ የግራር ዛፍ። አክስታችን አሚና «ያረቢ፣ ይሄማ ጣዖት ነው!» ብላ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ስባ ዓይኗን ሸፈነችና ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ እንደ ዓይነ ስውር ተጎተተች። ታሂር ከግራሩ ሥር የብየዳ ጭምብል አጥልቆ ይሠራ ነበር። ጭምብሉን አነሳ። አባባን አየ። እኔን አየ። ጭምብሉን መልሶ አወረደው።

ቆቦ ተመላልሶ አባባን የማያውቅ ማን አለ? ታሂርም ያውቀዋል። አባባ ግን ደረቱን ነፍቶ «ከወልዲያ ነው የመጣነው፤ አትክልት ነጋዴ ነኝ» አለ፤ የመንሱር ባጃጅ ከኋላው ጎኗ ላይ «ቆቦ» የሚል በትልቁ ተጽፎባት ቆማለች። ታሂር ጭምብሉን አውልቆ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ። እኔ እንደ ባዕድ «እንደምን ዋሉ» አልኩ። «ደህና ነኝ፣ እህቴ» አለኝ። እህቴ ሲለኝ ሳቄም ለቅሶዬም አንድ ላይ መጣ።

«ሽንኩርቱን ልናይ ነበር» አለ አባባ። ታሂር ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ፣ ግን አልዋሸም። «አባቴ፣ የሚበላ ሽንኩርት የለኝም። አንድ አለ፤ እሱም አይበላም» አለ። እውነት ነው እትየ፤ ሰው ሁሉ ሽንኩርት እያለ ቢያስቸግረው አንድ ሠርቶ ነበር። ቁመቱ ሰው ያክላል፤ ከቆርቆሮና ከላሜራ ልጣጭ በልጣጭ እየደራረበ የበየደው ነው። አባባ ሦስት ጊዜ ዞረው። በጣቱ ቆረቆረው፤ ድንንን አለ።

«አይበሰብስም?» አለ አባባ።

«አይበሰብስም።»

«ገዥ ቢጠፋም?»

«ገዥማ ከጠፋ ቆይቷል፣ አባቴ» አለ ታሂር።

የአባባ ጺም ትንሽ ተነቃነቀ፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ አልለየሁም። ከዚያ «እንግዳ ነን፣ ያለህን አሳየን» አለ። ድምፁ ግን ቀዝቅዞ ነበር። የአባባን ቀዝቃዛ ድምፅ ታውቂዋለሽ፤ ሲጮህ ይሻላል።

ወደ ሥዕሉ ቤት አስገባን። ትልቁ ሸራ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው፤ ከሥር ጠርዙ ላይ ብቻ እንደ አመድ ያለ ነገር አለ። አክስታችን አሚና በአንድ ዓይኗ አጮልቃ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። እኔም «ግንቦት ይላል» አልኩ። አባባ ከፊቱ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። «ግንቦት ነው። ሐሰት የለበትም» አለ። አክስታችን አሚና «ታዲያ ግንቦትን ምን ሊረባን ቤት ውስጥ ሰቀለው? ውጭ ያለው አይበቃንም?» አለች። ታሂር ሳቁ አመለጠው፤ እኔም ሳቅሁ፤ አንድ ላይ ሳቅንና አንድ ላይ አቆምን። አባባ ይህን አየ። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን።

ከዚያ ወጥተን እንደ ሰው ተገትሮ የቆመ አሮጌ ማረሻ ጋ ደረስን። አባባ «ይህን አንብቢልኝ» አለ። እኔም በአንድ ትንፋሽ «ማረሻ። የአራሹ ስም አይታወቅም፤ መሬቱ ግን ያውቀዋል። ከቆቦ ገበያ የተገኘ» አልኩለት። ጥሩ አነበብኩ፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። አባባ ጎንበስ አለ። ጽሑፉ የሚሰካበትን ቆርቆሮ በጣቱ ዳሰሰው። ወረቀት የለም። ነፋስ ወስዶት ይሁን ፍየል በልታው እንጃ፣ ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ነው የቆመው። እትየ፣ ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

አባባ ቀስ ብሎ ቀና አለና ወደ ታሂር ዞሮ «ይህች ልጅ ወረቀት የሌለበትን ታነባለች። ማነው ያስጠናት?» አለው።

ከበሩ አካባቢ መንሱር ባጃጇን አስነስቶ ሊሸሽ ሲሞክር ሰማሁ፤ ሁለተኛ ማርሽ አላስገባ አለችው። አክስታችን አሚና ሻሿን ከዓይኗ ጣለችና «እንዴ! ሙሽራው ይሄ ነው?» ብላ ጮኸች። ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት ዓይኗ ያየችው ታሂርን ነው። ታሂር «እኔ ነኝ አባቴ። ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ። አትክልት የተባለው ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም» አለ። እኔም «ሽንኩርት ነው ሲባል ሰምቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም» አልኩ።

አባባ አልጮኸም። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ቢነግሩኝ ይገባኝ ነበር» አለኝ። ይህን ብቻ ብሎ እስክሪብቶዎቹን አንድ በአንድ ከኪሱ ነቅሎ በእጄ አስያዘኝና ብቻውን ወደ ሜዳው ወረደ። እትየ፣ ለሥራ ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ብዙ ነገር ተብያለሁ። እንደዚያ ያመመኝ የለም። ሲስቅብኝ የነበረው መንሱር እንኳ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ሜዳው ላይ ያ የከብት መግቢያው ሥራ አለ። ከብት የለም፤ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ተተክለው ከየጫፋቸው ቃጭል ተንጠልጥሏል፤ አሥራ ሰባት ቃጭል፣ ከጎብዬም ከዋጃም ገበያ የተለቀመ። ነፋስ ሲመጣ ያቃጭላል። ከእኛ ማንም አላነበበለትም። አባባ ከመካከላቸው ገብቶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ነፋሱ መጣ። ከብቶቻችን በዚያ ክፉ ጊዜ ካለቁ ወዲህ ደጃችን ቃጭል ተሰምቶ አያውቅም። እኔ እያለቀሰ መስሎኝ ልሄድ ብነሳ አክስታችን አሚና ክንዴን ያዘችኝ።

ብዙ ቆይቶ ሳይዞር «አንተ! ይሄ ከብት መግቢያ ነው?» ብሎ ተጣራ። ታሂር እየሮጠ ወረደ። «አዎ አባቴ።» «ከብት ጠብቀህ ታውቃለህ?» «ልጅ ሆኜ ጥቂት።» «ጥቂት መሆኑን አየሁ» አለ አባባ። «ቃጭል የሚታሰረው ለመሪዋ ነው። ለሁሉም ካሰርክ ማን ማንን ይከተላል?» ታሂር ራሱን አከከ፤ «ታዲያ ላውርዳቸው?» አለ። አባባ አሰበ። «አታውርድ። አሥራ ሰባት ከብት አይሁን፤ አሥራ ሰባት መንጋ ይሁን። ግን አራርቃቸው። መንጋ እንዲህ ተጣብቆ አይገባም፤ ይዋጋል።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ብታይ እትየ። ኮቱ ወለቀ። ታሂር ዶማና መቆንጠጫ አመጣ፤ መንሱር ብረት ተሸካሚ ሆነ። አባባ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ያዛል። «ያቺን ወደ ታች! የተራራው ከብት በዚያ ነው የሚመጣ። ይህቺ ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ የትልቅ ቤት ከብት ናት፣ ወደ ውሃው አስጠጋት። እነዚህ ሁለቱ ውሃ ላይ ይጣላሉ፣ አታገናኛቸው!» አክስታችን አሚና እንኳ ጫማዋን አውልቃ ቃጭል እየነካካች «ይህቺ ጉንፋን የያዛት ትመስላለች፣ ድምፅዋ ተሰንጥቋል» ትላለች፤ ጣዖቱን ረሳችው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተጋጩ። ከሁሉ ርቃ አጥሩ ጥግ ላይ ብቻዋን የተተከለች አንዲት ቃጭል አለች። አባባ «ይህቺን ወደ መንጋው መልሳት» አለ። ታሂር ዶማውን አስቀመጠና «እሷንስ አልነቅልም አባቴ» አለ። ሰው ሲታረቅ ዝም ይባላል እንጂ እንዲህ ይባላል? አባባ «ለምን?» አለ። «እሷ የሰው ማሽላ የምትገባዋ ናት። የትም ብተክላት እዚያው ነው የምትገኝ» አለ ታሂር። አባባ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። «ጉራቻ!» አለ፤ «የእኛዋ ጉራቻ!» አንቺ ጫማሽን ጥለሽ እስከ ዋጃ መንገድ ያሳደድሻት ጥቁሯ ላም ትዝ አለችሽ? አባባ ያንን ታሪክ ለታሂር ነገረው። አንቺ እንዴት እያለቀስሽ እንደሮጥሽ፣ ላሚቷ እንዴት ከሰው ማሽላ መሐል ቀና ብላ እንዳየችሽ። ስምሽን ሲጠራ ድምፁ ተለወጠ።

የዐስር ሰላት ሲደርስ ከጉድጓዱ ውሃ ቀድተን ውዱእ አድርገን ሰገድን። አባባ ሲጨርስ ታሂርን «የሠራኸው ምን እንደሚረባ አላውቅም። ግን ይሰማል» አለው። ይህን ብሎ ባጃጅ ላይ ወጣ።

ቤት ስንገባ እማየ ደጃፍ ላይ ነበረች። «ሽንኩርቱ እንዴት ነው?» አለች። «ሽንኩርት የለም» አለ አባባ። «ታዲያ ምን አለው?» «አሥራ ሰባት መንጋ ከብት» ብሎ ኮቱን ወርውሮላት ገባ። እማየ ሰማያዊውን ኩሬ አየች፣ እኔን አየች፣ «ተናግረሻል?» አለችኝ። «ተይዣለሁ» አልኳት።

ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስገባ አጠገቡ አስቀመጠኝና «ዳግመኛ እንዳትደብቂኝ» አለ። «አልደብቅህም» አልኩ። በቃ፣ አለቀ። ከዚያ አያ አራጌን አስጠርቶ እሺ አለ፤ ግን በአንድ ነገር አሰራቸው። «ለአገሩ ሁሉ አማቼ አትክልት አለው ብያለሁ፤ ውሸታም አልሆንም። ልጁ ሽንኩርት ይትከል» አለ። ታሂር ታዲያ አሁን ከብረቶቹ መሐል ድንጋይ እየለቀመ ሁለት መደብ ሽንኩርት ተክሏል። አባባ በሳምንት ሁለቴ እየሄደ ይቆጣጠረዋል። ሽንኩርቱን አይቶ ይመለሳል ብለሽ ነው? ሲመሽ ቃጭሉን ሰምቶ ነው የሚመለስ፤ ለእኛ ግን «አረም በዝቶበት ነበር» ይለናል።

እትየ፣ አሁን የልቤን ልንገርሽ፤ ከዚህ ወዲያ ቀልድ የለም። ሰው «ታላቋ ሳታገባ ታናሿ» እያለ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ጅዳ ድረስ ሳይደርስሽ አልቀረም። አንቺ ከዚህ ስትሄጂ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። አንቺ የሰው ቤት ስትጠርጊ እኔ ተማርኩ። አሁን አንቺ ሳትመጪ ድል ያለ ሠርግ ቢደገስልኝ ምግቡ በጉሮሮዬ አይወርድም። አያ አራጌ «ቀን ቁረጡ» ሲሉ አባባ «ቀኑን ጀዊሪያ ትቁረጥ» አለ፤ እኔም ከመጋረጃው ወጥቼ «እሷ በሌለችበት ኒካሕ የለም» አልኩ። ሁሉም ፊት ተናገርኩት። ታሂር «እጠብቃለሁ» ብሏል። የምትቸኩለው አክስታችን አሚና ብቻ ናት። ኮንትራትሽ ሲያልቅ ነይ። ከፋኝ የምትይው ነገር ካለ ደግሞ አታድበስብሽብኝ፤ ቅር ብሎሽ እሺ ካልሽኝ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል። ምንም ብትይ ታላቄ ነሽ።

እማየ ግንባርሽን ስማለች። ስለ ጉልበቷ እንዳልነግርሽ አስምላኛለች፤ ስለዚህ አልነገርኩሽም፤ ቅባት ግን ብትልኪ ትቀባዋለች። አባባ «አብሽሪ በያት፣ በዱዓዬ አለሽ በያት» ብሏል፤ ይህን ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። መንሱር ሰላም ብሎሻል፤ ያቺ የባጃጅ ዕቃ እዚያ አገር ትገኝ እንደሆን ጠይቂልኝ ይላል። አክስታችን አሚና ዓይንሽን ስማ፣ ለሠርጉ የሚሆን ሻሽ ቀለሙን ራስሽ ምረጪልኝ፣ ቀይ ግን አይሁን፣ ግንቦትን አይቻለሁ ብላለች። አብረውሽ ለሚኖሩት የአገራችን ልጆች ሁሉ አንድ በአንድ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ ለእመቤቲቱ ልጆችም ጭምር፤ እነሱ ምን አጠፉ።

ታሂርም ሰላምታ ልኳል። ደብዳቤውን ልዘጋው ስል መጣና ብዙ ቆሞ፣ እጁን እያፍተለተለ፣ «እትየ ልበላት ወይስ ገና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ያንቺ ነው።

አክባሪ እህትሽ
ሱዓድ ኑሀ

ቆቦ፤ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.